ስድስት ነጭ ጨርቅ

ዲሴምበር 3፣ ማክሰኞ

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም… ጎጆዎቹ ጠፍተውብኛል። በእርግጥ ጎጆዎቹ ያሉበት አሉ። የጠፋሁት እኔ ነኝ።

የተሰጠኝ ሰባት የወፍ ጎጆ ነው። ሰባት! በየሦስት ቀኑ ሄዶ ማየት፤ ስንት እንቁላል፣ ስንት ጫጩት ብሎ መጻፍ። በቃ። ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው ልጅ ኬኔዌ ከመንደሩ ልጆች ሁሉ እኔን የመረጠችኝ “ዝምተኛ ነሽ፣ ወፎቹን አትረብሺም” ብላ ነው። ዝምታዬ ጠቅሞኝ የሚያውቀው ያን ቀን ብቻ ነው። “አውሲ በይኝ፣ ታላቅ እህትሽ ነኝ” አለችኝ። አውሲ ለማለት ራሱ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

ለየጎጆው አንዳንድ አጭር ዱላ ሰጥታኛለች፣ ጫፏ ቀይ የተቀባ። “ከጎጆው አሥር እርምጃ ርቀሽ ትከዪ። ዱላዋ ከሣሩ ከፍ እንዳትል።” ከፍ አላለችም። ሣሩ ነው ከፍ ያለባት። ያኔ ጉልበቴ ድረስ ነበር፤ ዝናቡ ከወረደበት ወዲህ ደረቴ ደርሷል።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ በሙሉ ዞርኩ። ሦስት አገኘሁ። ከሦስቱ አንዱ ያለፈው ዓመት ባዶ ጎጆ ነበር።

ወንዱ ወፍ፣ ቾቦሎው፣ ደግሞ ከላዬ ይመላለሳል። ጥቁር፣ ትከሻው ቀይ፣ ጅራቱ ከክንዴ የረዘመ። ያን ጅራት እንደ ሙሽራ ቀሚስ እየጎተተ ይበራል። ሌላ ሥራ የለውም። ጎጆ የምትሠራው ሴቷ፣ የምትታቀፈው ሴቷ፣ የምታበላው ሴቷ። አንድም አይደለችም፤ ሰባቱም የእሱ ናቸው። ለአክስቴ ለማሊኬሌሊ ስነግራት የጠላዋን ብቅል እያሸች ቀና አላለችም። “አውቀዋለሁ፣ አግብቼው ነበር” አለች።

ሴቷ ግን ቡናማ ናት። ሣር ላይ ብትቀመጥ ማንም ልብ አይላትም። መጀመሪያ ያየኋት ቀን ዘመዴ መሰለችኝ።

አውሲ ኬኔዌን “ጠፉብኝ” ልበላት? ስልክ የሚሠራው ኮረብታው ላይ ነው… ሩቅ ነው። ውሸት፣ ሩቅ አይደለም። አልጠይቃትም።


ዲሴምበር 4፣ ረቡዕ

መላ አገኘሁ!

አክስቴ ሣጥን ሥር አሮጌ ነጭ አንሶላ አለ። ጠላው በደረሰ ቀን በር ላይ የምትሰቅለውን ጨርቅ የምትቀደው ከእሱ ነው። ትንሽ ቢጎድል ማን ያውቃል? ቀደድኩ። ስድስት ቁራጭ ወጣኝ። ከወንዙ ዳር ስድስት የአኻያ ዘንግ ቆረጥኩ፣ ከራሴ በላይ የሚረዝም። ከዚያ ሣሩ ውስጥ በደረቴ ተኝቼ ሴቶቹ የሚያርፉበትን ጠበቅሁ። አንድ፣ ሁለት… ሰባቱንም አገኘኋቸው።

ዘንጎቹን ጎጆው ሥር ተከልኳቸው፣ እጅ ሲዘረጋ በሚደርስበት። አሥር እርምጃ ማለቷ ነው መጀመሪያውኑ ያጠፋኝ። ሰባተኛው ጎጆ ኮሸሽላ አጠገብ ስለሆነ ያለ ጨርቅም ይገኛል።

ኮረብታው ላይ ወጥቼ ተመለከትኩ። ስድስት ነጭ ጨርቅ በነፋስ ሲውለበለብ ከሩቅ ይታያል። እንዴት ያምራል! አውሲ ኬኔዌ ይህን እንዴት ሳታስበው ቀረች? ዩኒቨርሲቲ ምን እያስተማሯት ነው?


ዲሴምበር 5፣ ሐሙስ

ሰባቱንም በአንድ ሰዓት ጨረስኩ። አሥራ ዘጠኝ እንቁላል። ብልህ ነኝ።


ዲሴምበር 7፣ ቅዳሜ

ብልህ አይደለሁም።

ዛሬ የአክስቴ ጠላ ደረሰ። ማለዳ ጨርቋን በር ላይ ሰቀለች። እኔ ወደ ሣሩ ሄድኩ። ሣሩ ክልል ነው፤ እስኪታጨድ ድረስ ሰውም ከብትም ውሻም አይገባበትም። እኔ ብቻ ከመንደሩ አለቃ ከእሜ ማቱሶ፣ ከእናታችን፣ ፈቃድ አለኝ።

አራተኛው ጎጆ ላይ፣ ውስጡን የማይበትን መስተዋቴን ዘርግቼ እንቁላል እየቆጠርኩ ድምፅ ሰማሁ።

“ማሊኬሌሊ! ኧረ ማሊኬሌሊ! ቤትሽን ወዴት ወሰድሽው?”

ንታቴ ሴኬሌ ነው፤ ሽማግሌን ንታቴ፣ አባቴ፣ ነው የምንለው። የአክስቴ የዘወትር ደንበኛ፣ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ሠርቶ ጡረታ የወጣው፣ የሚያስለው ሽማግሌ። ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ አድርጎ ሣሩን እየቀዘፈ ይመጣል። ከኋላው ሌሎች አሉ።

“ያውልህ፣ እዚያም አለ!”

“እዚያ ማዶም! አየኸው?”

“ስድስት ጠላ ቤት! በአንድ ሜዳ!”

“ምርጫ ደርሷል ማለት ነው።”

ያኔ ነው የገባኝ። ነጭ ጨርቅ። ረጅም ዘንግ ላይ። በዚህ አገር ነጭ ጨርቅ ሲሰቀል ምን ማለት እንደሆነ የሁለት ዓመት ሕፃን ያውቃል። ጠላ ቤት ውስጥ ያደግኩት እኔ ግን አላወቅሁም!

ተኛሁ። ሣሩ ውስጥ ልጥፍ አልኩ። የንታቴ ሴኬሌ ውሻ አገኘኝ። ስሙ ፖሊስ ነው። መጥቶ ፊቴን በሙሉ ላሰኝ። ሽማግሌው ደረሰና ከላይ አየኝ።

“ልጄ፣ ጠላው የት ነው?”

የለም ማለት እንዴት ያቅታል? አንድ ቃል ናት። እጄ ግን በራሱ ጊዜ ተነሥቶ ጠቆመ… ወደ ወንዙ። አመሰገነኝ። ሁሉም ወደ ወንዙ ወረዱ።


ዲሴምበር 8፣ እሑድ

አክስቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስም አልበረደላትም። ግማሽ በርሜል ጠላ ተርፎ አድሯል፤ እየጎመዘዘ ነው።

“ጠላዬ ደርሷል! ጨርቄ ተሰቅሏል! ቅዳሜ ነው! ሰዎቹን ምን ዋጣቸው?”

ገንፎውን አማስላለሁ።

“ወንዝ ለወንዝ ጠላ ሲፈልጉ ዋሉ ይባላል። ሰሚ ያለህ! ወንዝ ውስጥ ጠላ አለ ያላቸው የትኛው ሰይጣን ነው?”

ሰይጣኑ ገንፎውን ያማስላል።

ጨርቆቹን ልንቀል ነበር። ግን ብነቅላቸው ጎጆዎቹ እንደገና ይጠፉብኛል… ደግሞ ሰዎቹ አሁን ስላወቁ ተመልሰው አይመጡም። ተውኳቸው።


ዲሴምበር 10፣ ማክሰኞ

ቁጥር ሁለት ባዶ። ቁጥር አራት ባዶ። ቁጥር አምስት ቅርፊት ብቻ፣ ውስጡ ገና እርጥብ።

የቁጥር አራት እናት ዘንጉ አጠገብ አንዲት ሣር ላይ ተንጠልጥላ “ቲክ፣ ቲክ” ትላለች። ጎጆዋ ውስጥ ገብታ ትወጣለች። ተመልሳ ትገባለች። ምናልባት በደንብ አላየሁ ይሆናል ብላ ይሆን? እኔም እንደሷ ሦስት ጊዜ በመስተዋቱ አየሁ።

መዝገቡ ላይ “የጠፋበት ምክንያት” የሚል ጠባብ ዓምድ አለ። አውሲ ኬኔዌ “ካላወቅሽ ‘አላውቅም’ ብለሽ ጻፊ፤ አላውቅምም መልስ ነው” ብላኛለች። ብዕሩን ይዤ ቆየሁ። ለማየት ተቀጥሬ አላውቅም ልበል? ቅዳሜ እዚያ ምን ነበር? ሰው ነበር። ሰው ብዬ ከጻፍኩ ምን ሊያደርጉ መጡ ይባላል። ውሻም ነበር።

“ውሻ” ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ።

ፖሊስ የላሰው ፊቴን ነው። እንቁላል ሲነካ አላየሁም።


ዲሴምበር 12፣ ሐሙስ

ቁጥር ሦስት። ቁጥር ስድስት።

ውሻ። ውሻ።

አሁን ብዕሩን ይዤ አልቆየሁም። ይህ ነው የሚያስፈራው።


ዲሴምበር 13፣ ዓርብ

ዝናቡ ስላባራ በማለዳ ወጣሁ። ከቁጥር አንድ በላይ፣ ዘንጌ ጫፍ ላይ፣ ቁራ ተቀምጧል። ደረቱ ነጭ፣ ሌላው ጥቁር፤ የእሑድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። ጨርቄ ከእግሩ ሥር ይውለበለባል። አንገቱን ሰበር አድርጎ ወደ ታች አየ። በቀኝ ዓይኑ አየ፣ በግራ ዓይኑ አየ። ከዚያ ወረደ። ሲመለስ እንቁላል በአፉ ይዟል። ዘንጉ ላይ ቁጭ ብሎ በላ። ደግሞ ወረደ። ሦስቱንም ጨረሰ። ሲጨርስ አፉን ጨርቄ ላይ ጠረገ። በዚህ ጠረገ፣ በዚያ ጠረገ።

ወንበር ሠርቼለታለሁ። የአፍ መጥረጊያ ሰቅዬለታለሁ። ምግቡ የት እንዳለ እንዳይቸገር ምልክት አድርጌለታለሁ። የቀረኝ እጁን ማስታጠብ ነበር።

“ሂድ!” ብዬ ጮህኩ። እኔ! ድምፄ ይህን ያህል ቀጭን መሆኑን አላውቅም ነበር። ቁራው ማን እንደሆነ ለማየት ዞረ። ከዚያ ሄደ፤ በራሱ ጊዜ። የሄደው ደግሞ ወደ ሁለተኛው ዘንግ ነው። መንገዱን ያውቀዋል። ከዚያ ወደ ሦስተኛው። መዝገብ ይዞ ስም የሚጠራ አስተማሪ ነው የሚመስለው።

ስድስቱንም ዘንግ ነቀልኩ። አምስቱን ወንዝ ጣልኩ። አንዱን ዶሮ ማባረሪያ ይሆናል ብዬ ከነጨርቁ ቤት ወሰድኩ።

መዝገቡስ? ቁጥር አንድ ላይ “ቁራ” ልጽፍ ነበር። አምስት ውሻ ተጽፎ ስድስተኛው ቁራ ሲሆን ትጠይቀኛለች። “እንዴት አየሽው?” ትላለች። “የት ተቀምጦ?” ትላለች። ከዚያ ዘንጉ ይመጣል፣ ጨርቁ ይመጣል፣ ወንዙ ይመጣል…

ውሻ ብዬ ጻፍኩ። መዝገቡ በእስክሪብቶ ነው፣ የፊተኞቹንም መፋቅ አይቻልም። ክልክል ነው። ሕግ አክባሪ ሆንኩ፣ እዚህ ላይ።


ዲሴምበር 14፣ ቅዳሜ

አውሲ ኬኔዌ በፒክአፑ መጣች። የመንደሩ አለቃ የእሜ ማቱሶ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። መዝገቡን ገለጠች። እሜ ማቱሶ አጠገባችን ባቄላ ትፈለፍላለች።

“ከሰባት ስድስት? ስድስቱም ውሻ?”

“እ…”

“በዓይንሽ አይተሻል?”

ሀፍረት ይዞኝ አንገቴን ደፋሁ። እሷ አዎ ማለቴ መሰላት። ቀና ብዬ “አይደለም” ማለት ነበረብኝ። የአንገት ጉዳይ ብቻ ነበር!

“የማን ውሻ ነው?” አለች አውሲ ኬኔዌ።

እኔ ስም አልጠራሁም። እሜ ማቱሶ ናት ባቄላውን ትታ “ክልሉ ዳር የሚዞር ውሻ የሴኬሌ ብቻ ነው” ያለችው። እኔ ስም አልጠራሁም… ይህንን ሁለት ጊዜ መጻፌን አሁን አየሁት።

አውሲ ኬኔዌ “ውሾቹ ለሁለት ወር ቢታሰሩ ይበቃል” ብላ ለመነች። አለቃዋ “አንቺ ስለ ወፍ ታውቂያለሽ፣ ክልሉን ለእኔ ተዪው። ክልል ገብቶ ያጠፋ ውሻ ይገደላል። ከእኔ በፊትም እንዲሁ ነበር” አለች።

አውሲ ኬኔዌ ስትሄድ ትከሻዬን ያዘች። “አይዞሽ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ሴቶቹ ጎጆ እንደገና ይሠሩ ይሆናል፣ ገና ጊዜ አለ።”

ያንቺ ጥፋት አይደለም አለችኝ።


ዲሴምበር 16፣ ሰኞ

ጥሪ ተነገረ። ቅዳሜ ፒትሶ አለ፤ መንደሩ በሙሉ አለቃዋ ግቢ ይሰበሰባል። የንታቴ ሴኬሌ ውሻ ነገር ይታያል።

ስለ ነጭ ጨርቆቹ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። መጀመሪያ ገረመኝ፤ በኋላ ገባኝ። ጨርቅ አየሁ የሚል ሰው ክልል ገብቻለሁ ማለቱ ነው። ያን ቀን ወንዝ የወረዱት ሁሉ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። እኔም ሰማይ አያለሁ። መንደሩ በሙሉ ዝናብ የሚጠብቅ ይመስላል።


ዲሴምበር 17፣ ማክሰኞ

ንታቴ ሴኬሌ መጣ። አክስቴ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። በር ላይ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ፖሊስ እግሩ ሥር ተጋደመ።

“ቁጭ በይ እንጂ። እኔ አልነክስም። እሱም አይነክስም።” የፖሊስን አፍ በሁለት እጁ ፈለቀቀው። “እስቲ ቁጠሪ። አንቺ ቆጣሪ አይደለሽ?”

ቆጠርኩ። አንድ ጥርስ። እሷም ትነቃነቃለች።

“ገንፎ በወተት አላቁጬ ነው የማበላው። እንቁላል ሰበረ ይሉኛል! እንቁላልና እሱ ቢጋጩ የሚሰበረው እሱ ነው።”

ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነበት። እስኪያልፍለት ውሻው ዓይን ዓይኑን ያየዋል።

“ከጉድጓድ ሥራ ስመለስ ቤቴ ውስጥ ሰው አልነበረም። ይሄ በሬ ላይ ተኝቶ ጠበቀኝ። የማን እንደሆነ አላውቅም። ፖሊስ ያልኩት ሌባ እንዲፈራ ነው፤ የሚሰረቅ ነገር የለኝም እንጂ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነን።”

የፖሊስን ጆሮ አሻሸሁ።

“ያን ቀን ሣር ውስጥ ተኝተሽ አይቼሻለሁ፣ ልጄ። ጨርቁም ያንቺ መሆኑን አውቃለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ልጅ ናት ብዬ። አሁን ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። ከማንም ይልቅ እዚያ ሜዳ ላይ የምትውዪው አንቺ ነሽ። ቅዳሜ ብድግ ብለሽ ‘ፖሊስ አይደለም’ በይልኝ። ያምኑሻል። ብዙ የማያወራ ሰው ሲያወራ ይታመናል።”

“ውሻ” ብሎ የጻፈው ማን እንደሆነ አያውቅም። አለቃዋ ወይ ያቺ የከተማ ልጅ ናቸው ብሎ ያስባል።

እሺ አልኩት? አላስታውስም። ውስጤ ብቻ ያልኩት ይመስለኛል። ሲነሡ ፖሊስ እጄን ላሰኝ። ጥርስ በሌለው አፉ። ለስላሳ ነው።


ዲሴምበር 18፣ ረቡዕ

ንግግር ተለማመድኩ። ለዶሮዎቹ።

“የተከበራችሁ አለቃችን፣ የተከበራችሁ…” አንዷ ተነሥታ ሄደች።

“ስሜ ንቶፌላ ይባላል።” እዚህ ላይ ቆምኩ። ንቶፌላ ማለት “እንዲያው ነገር” ማለት ነው። ከእኔ በፊት ሁለት ስለሞቱ፣ ይህችን ሞት እንዳይመኛት ብለው እንዲያው ነገር አሉኝ። ሠራላቸው። ሞትም ሌላውም አልተመኘኝም። ግን እንዲያው ነገር ብድግ ብሎ ሲናገር ማን ሰምቶ ያውቃል?

“ውሻው አይደለም” ብቻ ብልስ? ንታቴ ሴኬሌ የጠየቀኝ ያንን ብቻ ነው። ግን እሜ ማቱሶ “ታዲያ ማን ነው?” ትላለች። “መዝገቡ ላይ ውሻ ይላል እኮ፣ ማን ጻፈው?” ትላለች። መቶ ሰው ዞሮ ያየኛል…

ልታመም ይሆን ቅዳሜ? ግንባሬን ነካሁ። ድንጋይ ነው፣ ምንም ትኩሳት የለውም። ከዳተኛ ግንባር።


ዲሴምበር 19፣ ሐሙስ

ሰባተኛዋ ፈለፈለች!

ኮሸሽላውን ምልክት አድርጌ ሄድኩ፣ መስተዋቴን በቀስታ አስገባሁ። ሦስት። ሮዝ፣ ላባ የለሽ፣ የዓይናቸው ቦታ ጥቁር ነጥብ። መስተዋቱ ሲነቃነቅ እናታቸው መስላቸው ሦስቱም አፋቸውን ከፈቱ። አፋቸው ከራሳቸው ይበልጣል። ገና ዓይን ሳያወጡ አፍ አውጥተዋል! የእኔ ተቃራኒ።

እናትየው አፏን ሞልታ ከኋላዬ ትጮህብኛለች። አንበጣ ይመስለኛል። ወጣሁላት። ርቄ ተቀመጥኩና አየኋት። ገባች፣ ወጣች፣ ገባች። ቁራው በላያችን አለፈ። የሚቀመጥበት አጥቶ ዞሮ ሄደ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ስድስቱን ረዳኋቸው። ስድስቱም ጠፉ። ያልረዳኋት አንዲቷ ብቻ ተረፈች። የአውሲ ኬኔዌ መዝገብ ላይ ይህ እንዴት ይጻፋል? ሌላ መንደር ሄዳ “እዚያ ውሻ ነው የፈጃቸው” ትላለች። እዚያም ውሻ ይታሰራል። ቁራው ግን ደኅና ነው። ሌላ እንደ እኔ ያለ ብልህ ልጅ ደግሞ የሆነ ቦታ ረጅም ዘንግ እየቆረጠች ይሆናል።

የአክስቴን ስልክ ይዤ ኮረብታው ላይ ወጣሁ። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ ጻፍኩ። በመጨረሻ፦ “ውሻ አይደለም። ቁራ ነው። ዘንጎቹን የተከልኩት እኔ ነኝ።”

መልሱ ወዲያው መጣ። “የምን ዘንግ???”

ከዚያ ሁሉንም ጻፍኩላት። ጨርቁን፣ ጠላውን፣ ወንዙን፣ ፖሊስን። አውራ ጣቴ ቆስሏል። ልክ ስጨርስ ባትሪው ሞተ። የመጨረሻው ሄደ፣ አልሄደም? እንጃ።


ዲሴምበር 20፣ ዓርብ

ጠዋት ለአክስቴ ነገርኳት። ከበርሜሉ ላይ አተላ እየጠረገች ነበር። ከኋላዋ ቆሜ ለጀርባዋ ተናገርኩ፤ ለጀርባ መናገር ይቀላል። ስጨርስ ዞረች።

“ስንት ቀደድሽ?”

“ስድስት።”

“ከየትኛው?”

“ከነጩ አንሶላ።”

“የሠርጌ አንሶላ ነው እኮ።” መጥረጊያውን አራገፈች። “ይሁን፤ ባለቤቱም ጅራቱን እየጎተተ ሄዷል።” ከዚያ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ፤ ልትመታኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። “ወንዝ… ወንዝ ላክሻቸው? አንቺ ነሽ?” መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ሳቀች። መጥረጊያው በአንድ በኩል፣ እሷ በአንድ በኩል። “ሴኬሌን በዚያ ሳሉ! ከነቡትቶው ወንዝ!” እንባዋን በቀሚሷ ጠረገች። እኔም ሳቅሁ። ለካ እንዲህ ያስቃል? ሁለት ሳምንት ሙሉ ለብቻዬ ይዤው ስለነበር አላወቅሁም።

ሳቋ ሲያልቅ ዓይኗ ተለወጠ።

“ውሻውን ግን ሊገድሉት ነው።”

“አዎ።”

“ነገ እኔ ልናገርልሽ?”

ይህን ስትለኝ እፎይ አልኩ። እሷ ከተናገረች ሁሉ ነገር አለቀ። አክስቴ ስትናገር ሰምቼ አውቃለሁ፤ ማዶ ያለው መንደር ይሰማል። አዎ ልላት አፌን ከፈትኩ።

“አይ” አለ አፌ።

ከየት እንዳመጣው አላውቅም። ሁለታችንም ደነገጥን።

ከሰዓት በኋላ ሣሩ ዘንድ ሄድኩ። ሦስቱም ጫጩቶች አሉ፣ ከትናንቱ ወፍረዋል። ስመለስ አንዲት ቡናማ ሴት ሣር በአፏ ይዛ ስታልፍ አየሁ። አዲስ ጎጆ። ወዴት እንደገባች አላየሁም። ደስ አለኝ፣ አለማየቴ።

አሁን መዝገቡ ፊቴ ነው። ስድስት ውሻ። ከሽፋኑ ውስጥ አውሲ ኬኔዌ መጀመሪያ ቀን የጻፈችልኝ ትእዛዝ አለ፤ መፋቅ ክልክል ነው የምለው እሱን ይዤ ነበር። ዛሬ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። “አትፋቂ” ብሎ አያበቃም። “ከተሳሳትሽ አንድ መስመር ሳቢበት፣ የተሳሳትሽው ይነበብ፣ ትክክለኛውን አጠገቡ ጻፊ” ይላል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ግማሹን ብቻ ነበር የማነበው።

ስድስት መስመር ሳብኩ። አጠገቡ ጻፍኩ፦ “ቁራ፣ ንቶፌላ በተከለችው ዘንግ ላይ ተቀምጦ።” ዓምዱ ጠባብ ስለሆነ ስሜ ከመስመር ውጭ ወጣ። ስድስት ጊዜ። ስሜን በአንድ ገጽ ላይ ይህን ያህል ጊዜ ጽፌው አላውቅም።

ነገ ፒትሶ ነው። መዝገቡን እይዛለሁ። ከሴቶቹ ኋላ ሳይሆን ከፊት፣ ከንታቴ ሴኬሌና ከፖሊስ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ከዚያ መሸሽ አይመችም። አለቃዋ የውሻውን ስም እንደጠራች፣ እግሬ ሐሳቡን ሳይለውጥ ብድግ እላለሁ።

ድምፄ እንቢ ቢለኝስ? እሱንም አስቤበታለሁ። ከዶሮዎቹ ቤት ያችን የቀረችውን ዘንግ አውጥቻለሁ፣ ጨርቁ እንዳለ አለ፣ ቁራው አፉን የጠረገበት እድፍ ሳይቀር። እሷን ይዤ እሄዳለሁ። ቃል ከአፌ ካልወጣ መካከላቸው እተክላታለሁ። ነጭ ጨርቅ ካዩ የመንደሩ ወንዶች በሙሉ ዞረው ያያሉ፤ ያን ቀን ስላየኋቸው አውቃለሁ። ዞረው ሲያዩ እኔ እዚያ ቆሜ እገኛለሁ።